ስሙ ያልተጠራው የመጀመሪያ መቺ

በሎስ አንጀለስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን
የተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ 9ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ነሐሴ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር ኦገስት 17 ቀን 2014)
ቦታ፦ ፌርፋክስ ጎዳና፣ የወ/ሮ የምሥራች ባልትና መደብር፣ የኋላ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከሰዓት በኋላ 2፡00 (ሰዓቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው)
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡10 (ስብከቱ ስለረዘመ)

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ዳኜ ወልደየስ፣ ሰብሳቢ፤ የቡድኑ መሥራች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የቡድኑ የመጀመሪያ መቺ
2. ወ/ሮ የምሥራች፣ ምክትል ሰብሳቢና የምግብ ክፍል ኃላፊ
3. አቶ ወንዳፍራሽ፣ አሠልጣኝ (በኢንተርኔት ቪዲዮ የሠለጠኑ)
4. ፍራኦል፣ የቡድኑ አምበል፤ በሳንታ ሞኒካ ነርስ
5. ኤልያና፣ የውጤት መዝጋቢ፤ እዚሁ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
6. አቶ ተስፋሁን፣ የቡድኑ ዳኛ፤ ታክሲ ነጂ፤ ከበርባንክ ኤርፖርት፣ በስልክ
7. ወ/ሮ ሥርጉት፣ ጸሐፊ፤ ድምፅ የላትም፤ የሰብሳቢው ባለቤት

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አምስቱ በአካል አንዱ በስልክ ስለተገኙ ስብሰባው የተሟላ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ በስልክ የተገኘ ሰው እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። አቶ ተስፋሁን ከስልኩ ውስጥ "እየሰማሁህ ነው" ስላሉ ጥያቄው ታልፏል። ወንበር ሁለት ብቻ በመኖሩ የቀሩት አባላት በሽሮ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል።

ስብሰባው በወ/ሮ የምሥራች ጸሎት ተከፈተ። በጸሎቱ መካከል የስሪላንካ ቡድን ግራኝ ወርዋሪ ክንዱ እንዲዝል የሚል ልመና በመስማታቸው ሰብሳቢው ዓይናቸውን ገልጠው ተገቢነቱን ጠይቀዋል። ወ/ሮ የምሥራች "እንዲያርፍ ነው ያልኩት" ብለው አስተካክለዋል። አሜን ተባለ።

ለማስታወስ ያህል

ይህ ቃለ ጉባኤ አንድ ቀን እንግዳ ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳያጋባ ጸሐፊዋ የሚከተለውን መዝግባለች።

ሰብሳቢው በሳንታ ሞኒካ የአንድ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ ሚስተር ሲልቫ የሚባሉ የስሪላንካ ተወላጅ ባልደረባቸው "አገራችሁ ክሪኬት አለ?" ብለው ጠየቋቸው። ሰብሳቢው ለእንግዳ ሰው ስለ አገራቸው "የለም" ብሎ መናገር ከበዳቸውና "አለ" አሉ። እዚህስ ቡድን አላችሁ ወይ ቢሏቸው "አለን" አሉ። መቼ እንጋጠም ሲባሉ "በፈለጋችሁ ጊዜ" አሉ። ያን ዕለት ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ለጸሐፊዋ የተናገሩት ቃል "አሥራ አንድ ሰው ፈልጊ" የሚል ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቡድኑ አለ። ሌላ የሚያውቀው የኢትዮጵያ የክሪኬት ቡድን ስለሌለም ኮሚቴው በ1ኛ ስብሰባው "ብሔራዊ" ብሎታል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ኳሷን በዱላ ይመታል። መትቶ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ከሮጠ አንድ ነጥብ ያገኛል። እንጨቶቹ ከተመቱ ተሰናብቶ ይወጣል። ትልቁ ዓይነት ጨዋታ ቴስት ይባላል፤ አምስት ቀን ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዙር ይመታል። የእኛ ሰው አምስት ቀን ፈቃድ ስለማያገኝ አምስት ተከታታይ ቅዳሜ እንጫወታለን። ከስሪላንካ ጋር ሦስት ቴስት ተዋውለን ሁለቱን ተሸንፈናል። ሦስተኛው በመጪው ቅዳሜ ይጀመራል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

በ8ኛው ስብሰባ ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት የሚደረገው ጸሎት በየስድስት ኳሱ እንዲሆን የተወሰነው ተነቧል። ወ/ሮ የምሥራች ውሳኔው እንዲመዘገብ የፈቀዱት እያዘኑ መሆኑ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። ተጽፏል። ቃለ ጉባኤው ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ የሁለተኛው ቴስት ሪፖርት

አምበሉ ፍራኦል ባቀረበው ሪፖርት ስሪላንካዎች ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባቸው 412 ነጥብ ካስቆጠሩ በኋላ "ይበቃናል" ብለው በፈቃዳቸው እንዳቆሙ ገልጿል። ኮሚቴው ይህን የጨዋ ልጆች ሥራ ነው ብሎታል። የእኛ ቡድን በሁለቱ ዙር 61 እና 48 አስመዝግቧል። ከድምሩ 109 ነጥብ ውስጥ 66ቱ ተጋጣሚዎቻችን በተሳሳተ ውርወራ የሰጡን መሆኑን ኤልያና አስረድታለች።

ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ ስለ 66ቱ ነጥብ ለስሪላንካ ቡድን የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ቀጥሎ የሻይ ዕረፍት ጉዳይ ተነሥቷል። ዕረፍቱ በደንቡ ሃያ ደቂቃ ሲሆን ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከአርባ ፈጅቷል። አቶ ወንዳፍራሽ ከምግቡ በኋላ ከአሥራ አንዱ ተጫዋች አራቱ ሣር ላይ ተኝተው መገኘታቸውን ገልጸው ምግቡ እንዲቀነስ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ የምሥራች ችግሩ የምግቡ ብዛት ሳይሆን የአቀራረቡ አቅጣጫ ነው፤ ያንኑ ያህል ምግብ ለስሪላንካ ወርዋሪዎች ቢቀርብና "በሞቴ" እየተባለ ቢሰጣቸው ከሰዓት በኋላ አንዳቸውም አይወረውሩም ብለዋል። ሰብሳቢው ይህ ተንኮል ነው ወይስ እንግዳ ተቀባይነት ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ የምሥራች ሁለቱም እንደሆነ አምነዋል። ምግቡ ሳይቀነስ ወደ ተጋጣሚው እንዲዞር በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የአንድ ተጫዋች ወቅታዊ ብቃት ጉዳይ

አጀንዳው በአቶ ወንዳፍራሽ የቀረበ ነው። ሰብሳቢው የተጫዋቹ ስም ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቁ። አቶ ወንዳፍራሽ ስም መጥራት እንደማያስፈልግ፣ ሁሉም እንደሚያውቀው፣ ተጫዋቹም የተከበረ ሰው መሆኑን ገልጸው ውሃ ጠጡ።

ፍራኦል ተጫዋቹ ቢያርፍ በቦታው ኑሩ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቧል። ኑሩ በፒኮ ሮበርትሰን ጎማ ቤት የሚሠራ፣ ዱባይ ስምንት ዓመት ኖሮ ክሪኬት በትክክል የተማረ ብቸኛው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከአሥራ አንዱ ማንንም "ተቀመጥ" የሚል ስለጠፋ በሁለቱም ቴስት ውሃ ሲያመላልስ ቆይቷል። ፍራኦል ቃል በቃል "ጋሼ፣ ቤስት ፕሌየራችን ኩለር ተሸክሞ እየዞረ ነው፤ ይሄ ሜክ ሴንስ አያደርግም" ብሏል።

ሰብሳቢው ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ እንዲታይ ጠየቁ። ኤልያና በላፕቶፗ የተጫዋቹን ብቃት የሚያሳይ መስመር አቀረበች። መስመሩ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ስለተኛ ሰብሳቢው ኮምፒውተሩ መብራቱን ጠይቀዋል። ኤልያና "ጋሼ፣ አንተ፣ እሱ ነው ዳታው" አለች። ("አንተ" የሚለው በመዝገቡ "እርስዎ" ተብሎ ይነበብ።)

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ጠንከር ያለ ንግግር አድርገዋል። የአገር ስም የተጻፈበት ማልያ እንደ ቤት ልብስ እንደማይለበስ፣ ብቃቱ የወረደ ሰው ሌሎች ሳይነግሩት ራሱን ማግለል እንዳለበት አስገንዝበው "ይሄ ሰው አያፍርም ወይ?" ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ የምሥራች አንድ የሚጥሚጣ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንብበዋል። አቶ ተስፋሁን ተሳፋሪ ገብቷል ብለው ስልኩን ድምፅ አልባ አድርገዋል። በኋላ እንደታወቀው የገባ ተሳፋሪ አልነበረም።

ጸሐፊዋ በዚህ ነጥብ ላይ አስተያየት የላትም። ብዕር ቀይራለች።

ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ሰብሳቢው እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው አውጥተዋል።

ሀ) ተጫዋቹ ከሦስተኛው ቴስት እንዲያርፍ፣ ኑሩ እንዲተካው፤
ለ) ነገሩ በስልክ ቢነገር ስለሚያስቀይም ሦስት ሽማግሌዎች ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያስረዱት።

ሽማግሌዎች ሲመረጡ አቶ ወንዳፍራሽ በዚህ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ማኅበር፣ የታጨች ልጅ ሁሉ የአቶ ዳኜ እጅ ያለበት ስለሆነ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይታሰብም አሉ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ምን እንዳሉ የገባቸው ይመስላል። ሐሳባቸውን ሊሰርዙ ሲሞክሩ ግን ወ/ሮ የምሥራች በልማድ ደግፈው ነበር። ሰብሳቢው የሽማግሌዎቹ መሪ ሆነው ተመረጡ፤ አመሰገኑም።

ሰብሳቢው የሽምግልናውን አሠራር ለአባላቱ አስረድተዋል። በመጀመሪያ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ይጠየቃል፤ ክሪኬት የሚነሣው ሰውየው ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ሲቀዳለት ነው። የተጫዋቹ ሚስት የተረጋጋች ሴት ከሆነች ነገሩ ይቀላል፤ እሷን አስቀድሞ ማነጋገር ይጠቅማል ብለዋል። አባላቱ በሙሉ ወደ ጸሐፊዋ ተመለከቱ። ጸሐፊዋ ወደ ወረቀቷ ተመለከተች።

በመቀጠል ሰብሳቢው ባዶ እጅ መሄድ ስለማይገባ ለተጫዋቹ የሚነገረው ቁጥር በዝርዝር እንዲነበብላቸው ጠየቁ። አቶ ወንዳፍራሽ ቁጥሩ በኋላ በኢሜይል ይላካል አሉ። ሰብሳቢው አሁን ይነበብ አሉ። ኤልያና አንድ በአንድ አባላቱን አየች። ማንም ዓይኑን አልሰጣትም።

ኤልያና፦ "ኦኬ። ሶ፣ ፈርስት ቴስት፦ ዜሮ፣ ዜሮ። ሰከንድ ቴስት፦ አንድ፣ ዜሮ።"

ሰብሳቢው "አንድ?" አሉ።

ኤልያና "አንድ" አለች።



ይህች አንድ ነጥብ ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደለችም። ከሦስት ሳምንት በፊት በሁለተኛው ቴስት ስትገኝ ሜዳው በእልልታ ተናውጧል፤ ስሪላንካዎችም አጨብጭበዋል። በማግስቱ እሑድ ሰብሳቢው በምስክርነት ሰዓት ጉባኤው ፊት ቆመው ስለ ነጥቧ ሰባት ደቂቃ ጌታን አመስግነዋል። "1" የሚል ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ዛሬ ጠዋትም በጸሐፊዋ ቤት ማቀዝቀዣ በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያም መዝገቡ ላይ ማስተካከያ አለኝ አሉ። አቶ ወንዳፍራሽ አጀንዳው እንዲዘለል ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። የሰብሳቢው ንግግር እንደሚከተለው ነው፦

"ኳሷ ያገኘችው ዱላዬን አይደለም፣ ቅልጥሜን ነው። ስሮጥ አውቀው ነበር። ወዲያኛው ጫፍ ስደርስ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ እልልታው ቀደመኝ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ እጄን መጨበጥ ጀመረ። እንዴት ብዬ ልመልሰው? ይሄ ሰው አያፍርም ወይ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያፍራል። ጻፊው፣ ሥርጉት።"

ተጽፏል።

በጨዋታው ልማድ የሚመታው ቡድን ከራሱ ሰው ዳኛ ስለሚያቆም በዕለቱ የዳኙት አቶ ተስፋሁን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ኳስ አካል ነክታ ነጥብ ሲገኝ ዳኛው እግሩን አንሥቶ ጉልበቱን በእጁ መንካት አለበት፤ ነጥቡም ለቡድኑ እንጂ ለመቺው አይቆጠርም። አቶ ተስፋሁን እንዳዩ አምነው "እግሬን አንሥቼ ነበር፤ ጋሼ ዳኜ ያን ያህል ተደስተው ሲሮጡ ሳይ መልሼ አወረድኩት" ብለዋል። አስከትለውም ይቅርታ ጠይቀው አሁን በእውነት ተሳፋሪ መግባቱን ገልጸዋል።

ወ/ሮ የምሥራች ጸሐፊዋ የምታውቀው ነገር ካለ እንድትናገር ጠየቁ። ጸሐፊዋ ድምፅ እንጂ አፍ እንዳልተከለከለች ጠቅሳ፣ ለሦስት ሳምንት በቅባት ያሸችው እብጠት በሰብሳቢው ግራ ቅልጥም ላይ የሚገኝና የኳስ ስፋት ያለው መሆኑን አስረድታለች። እያወቀች ለምን እንዳልተናገረች ስትጠየቅ፣ ሰውየው በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎት አይታው እንደማታውቅ ተናግራለች። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ተመለከቱ። ምን እንዳሉ አይመዘገብም።

ኤልያና ማስተካከያው ቢደረግ የቡድኑ ድምር እንደማይቀየር፣ የሚቀየረው የሰብሳቢው ብቻ እንደሆነ በማስረዳት "ጋሼ፣ ማንም አያውቅም እኮ፤ ሊቭ ኢት" ብላ ለምናለች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ልኮ የሰውን ገመና የሚያስተካክል ሰው የራሱን ትቶ ሊሄድ አይችልም አሉ። የሚሄዱበት ቤት የራሳቸው መሆኑ አሁን እንደገባቸው፣ ማክሰኞ መምጣት እንደማያስፈልግ፣ መልእክቱም እንደደረሳቸው ገልጸው "መምታቱን ኑሩ ይክፈት። ኩለሩን እኔ እይዛለሁ" ብለዋል።

ይህን ጊዜ ስብሰባው መልኩን ለውጧል። ወ/ሮ የምሥራች አልቅሰው፣ ቡድኑን ያሸነፈው ስሪላንካ ሳይሆን የእሳቸው ጥብስ መሆኑን ተናዘዋል። ፍራኦል እጁ ገብተው የነበሩ ሰባት ኳሶች እንዳመለጡትና አንደኛዋ ያመለጠችው ስልኩን እያየ መሆኑን አምኗል። አቶ ወንዳፍራሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተመለከቱት ጨዋታ እንደሌለ፣ ቪዲዮዎቹን በእጥፍ ፍጥነት አሳልፈው እንዳዩና በዚህም ምክንያት ተጫዋቾቻችን ቀርፋፋ መስለዋቸው እንደኖሩ ገልጸዋል። ኤልያና አራት ዙር "ቬሪ ስሞል ሳምፕል" ስለሆነ በዚህ ቁጥር ማንንም ማባረር ሳይንሳዊ አይደለም ብላ ላፕቶፗን ዘጋች።

እውነቱን በገዛ አፉ የተናገረን ሰው ቦታውን መንጠቅ ነውር ነው የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ቀረበ። ሰብሳቢው ነውር እንዳልሆነ ደጋግመው ቢያስረዱም የሚሰማቸው አልተገኘም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው እንደማያውቅ አመልክተዋል።

ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ በ5 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ የሚከተለው ተወሰነ። የተቃወሙት ሰብሳቢው ናቸው፤ አቶ ተስፋሁን ድምፃቸውን የሰጡት እየነዱ በስልክ ነው።

ዛሬ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 3 የጸደቀውና የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጸሎቱ ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት ይደረጋል። የምስጋናው ደብዳቤ አይጻፍም። ምግቡ ወደ እኛ ይመለሳል። ሽማግሌ አይላክም። ኑሩ ውሃ ያመላልሳል። አቶ ዳኜ ወልደየስ ቅዳሜ በመጀመሪያ መቺነት ይሰለፋሉ።

ጸሐፊዋ ድምፅ ባይኖራትም ከሰብሳቢው ጋር እንደምትቃወም እንዲመዘገብላት ጠይቃለች። ድምፅ የላትም ተብሏል። መዝጋቢዋ እሷው ስለሆነች መዝግባዋለች።

ሰብሳቢው የብዙኃኑን ውሳኔ እንደሚያከብሩ ገልጸው፣ ማስተካከያው ግን ውሳኔ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ሊሻር አይችልም አሉ። ኤልያና ላፕቶፗን እንደገና ከፍታ በሁለተኛው ቴስት የመጀመሪያ ዙር "ዳኜ፦ 1" የሚለውን "ዳኜ፦ 0" ብላለች። ቁልፉን የነካችው ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ከጠየቋት በኋላ ነው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 9፡00 ሰዓት ጀምሮ ጉልበታቸውን በጽኑ እንደሚያማቸው ለኮሚቴው አስታውቀዋል። በደንቡ መሠረት የታመመ ተጫዋች ያለ ውሳኔና ያለ ሽማግሌ ስለሚተካ ኑሩ ጠዋት ሜዳ ሲመጣ መጫወቻ ጫማውን ይዞ እንዲመጣ የሚነግረው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው ብለዋል። ፍራኦል እነግረዋለሁ አለ። ጎንበስ ብሎም የሰብሳቢውን ትከሻ ሳመ።

ኮሚቴው ሕመሙን በታላቅ ሐዘን ሰምቷል። ወ/ሮ የምሥራች ጌታ ሁሉን ስለሚችል ወዲያውኑ ስለ ጉልበታቸው ፈውስ እጅ ተጭኖ እንዲጸለይ ሐሳብ አቀረቡና ብድግ አሉ። ሰብሳቢው በጸሎት ኃይል ፍጹም እንደሚያምኑ አረጋግጠው፣ በዚሁ ምክንያት ጸሎቱ ከቅዳሜ በኋላ እንዲሆንላቸው ለምነዋል። በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አገኘ። ጸሐፊዋ የትኛው ጉልበት እንደሆነ ለመዝገቡ ብትጠይቅም ገና አልተወሰነም።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ 5፡25 በጸሎት ተዘጋ። ሰብሳቢው ለቡድኑ ውሃ የሚይዘውን ባዶ ኩለር ከመደብሩ ጥግ አንሥተው፣ ሳያነክሱ፣ መኪናው ድረስ ተሸክመው ሄደዋል። ማነከሱ ከቅዳሜ ጀምሮ ይሆናል።

ዳኜ ወልደየስ፣ ሰብሳቢ (ፊርማ)
ሥርጉት፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት (ፊርማ)